ሰልባጅ ጊታር እንግዛ ወይስ እንተው?

ሰሞኑን በተቋማችን ውስጥ ከፈተና ቀጥሎ ብዙ የሚያነጋግረው የጊታሩ ጉዳይ ሆኗል። በምግብ ሰልፍ ላይ፣ በመኝታ ክፍሎች፣ አልፎ ተርፎም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬው ይኸው ነው። ላልሰማ አንባቢ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሙዚቃ ክበባችን አባላት ከየኪሳቸው ያዋጡት ገንዘብ አለ። የከተማው ነዋሪ የሆኑ አንድ ሰው ደግሞ ዘመዳቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ከነትንሽ አምፕሊፋየሩ ልሽጥላችሁ ብለዋል። የጠየቁት ዋጋ ክበቡ ያለውን ገንዘብ ከሞላ ጎደል ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ታዲያ ይገዛ ወይስ ይቅር? እኛ የዚህ ግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ሄደን አይተነዋል፤ በእጃችን ዳስሰነዋል፤ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ቃል ሰምተናል። ስለዚህ የሚመስለንን ሳናድበሰብስ እንጽፋለን። ጊታሩ ይገዛ፤ በተጠየቀው ዋጋ ግን አይገዛ።

በመጀመሪያ «ሰልባጅ ነው» እያሉ ለሚያጣጥሉት አንድ ነገር እንበል። ሰልባጅ ኮት ለብሶ ያላስተማረ መምህር ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ያገለገለ ዕቃ በራሱ ነውር የለበትም። ጊታር ደግሞ እንደ ጫማ አይደለም። እንጨቱ ከደረቀ ዓመታት ያለፈው፣ በእነዚያ ዓመታትም አንገቱ ያልተጣመመ ጊታር፣ ገና ከካርቶኑ ከወጣው ይልቅ ጠባዩ የታወቀ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም የምናየው ነው። ክበቡ አዲስ የኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዛ አይችልም። ምርጫው ያገለገለውን መግዛት ወይም አለመግዛት ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚለውን ክርክር ቶሎ እንለፈው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ ትራምፔቱም ባዕድ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. «እረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ የኤሌክትሪክ ጊታር ከአማርኛ ዘፈን ጋር ቤተኛ ሆኗል። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ሲጫወት የሰማ ሰው ጊታሩ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር አይጠፋውም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። በክበቡ ስብሰባ ላይ አንዲት ሠልጣኝ እኅታችን ተነሥታ «ተመርቀን የምንሄደው መብራት ወደሌለበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ገንዘብ ክራሮች ተገዝተው ብዙዎቻችን ብንማር አይሻልም?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እንዲያውም ከተባለው ሁሉ የመዘነብን ይኸው ነው። ክራር መብራት አይፈልግም፤ በትከሻ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ክሩ ቢበጠስ ሌላ ይታሰራል። የገጠር መምህር ጓደኛ ክራር ነው፤ ጊታር አይደለም። ይህን አንክድም።

ግን ጥያቄው ሠልጣኙ ይዞት የሚሄደው መሣሪያ ምን ይሁን የሚል አይደለም። እዚህ ሳለ በምን ይማር ነው። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስለ ቅኝቶች በሚሰጠን ትምህርት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለን ስማቸውን እንሸመድዳለን። ልዩነታቸውን በጆሮው ለይቶ በቃሉ ሊያስረዳ የሚችለው ግን ስንቱ ነው? ክራር የተቃኘው በትዝታ ከሆነ ወደ አምባሰል ለመሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። መቃኘቱ እስኪያልቅ ተማሪው የመጀመሪያውን ረስቶታል። በጊታር አንገት ላይ ግን ከባዶው ክር እስከ 12ኛው ፍሬት ድረስ አሥራ ሁለቱም ግማሽ ድምፆች በተርታ ተደርድረዋል። በአንድ ክር ብቻ ባዶውን፣ ከዚያ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውንና 12ኛውን ፍሬት እየረገጡ መምታት ነው፤ ትዝታ ሜጀር ይሰማል። ወዲያው ሳያቋርጡ ባዶውን፣ 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 7ኛውን፣ 8ኛውንና 12ኛውን ቢመቱ አምባሰል ነው። የቱ ጋ እንደጠበበ፣ የቱ ጋ እንደሰፋ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ያየዋል። ለመምህርነት ለሚሠለጥን ሰው እንዲህ ያለ የማስተማሪያ መሣሪያ ከየት ይገኛል? (የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከፍሬቱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ይህም ቢሆን ለመማሪያ የሚሆን ቁም ነገር ነው።)

የፊዚክስ መምህሮቻችንም በነገሩ ጥቅም አላቸው። ፒክአፕ የሚባለው ነገር በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የብረቱ ክር በላዩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይኸው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምንስለውን ኢንዳክሽን በጆሮ መስማት ማለት ነው።

አዲስ ቦክስ ጊታር በርካሽ ይገዛ የሚሉም አሉ። ርካሽ ቦክስ ጊታር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ይቀመጣል፤ ጀማሪ ጣቱ ቆስሎ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። የኤሌክትሪኩ ክር ቀጭን ነው፤ የመጀመሪያው ክር ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ሲጫኑት ይታዘዛል። ደግሞም ካልተሰካ ድምፁ ከሹክሹክታ ብዙም ስለማያልፍ ማታ በመኝታ ክፍል የሚለማመድ ሰው የሚያጠናውን አያውክም። ይህቺን ነጥብ የመኝታ ክፍል ተቆጣጣሪያችን ልብ እንዲሏት እንለምናለን።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ሻጩ «ፌንደር ነው» ይላሉ። በጊታሩ ራስ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው ስኳየር የሚል ነው፤ የፌንደር ስም ከሥሩ በትንሹ ይነበባል። ይህ ውሸት ነው አንልም፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ስኳየር ድሮ የአሜሪካ የክር ፋብሪካ ስም ነበር። ፌንደር በ1965 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ በ1982 ደግሞ ስሙን በጃፓን ለሚያሠራቸው ረከስ ያሉ ጊታሮች ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ኮሪያ፣ ወደ ቻይናና ወደ ኢንዶኔዥያም ሄዷል። እኛ ያየነው ኢንዶኔዥያ የተሠራ ነው፤ ቅርጹ በ1954 የወጣው የስትራቶካስተር ቅርጽ ነው። ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የፌንደር ዋጋ አይከፈልበትም። ስም በወረቀት ስለሚለጠፍ ለዋጋ መሠረት ሊሆን አይገባም፤ ሰው ስሙን ትቶ አንገቱን ይመልከት።

አንገቱን እንዴት ነው የሚያዩት? ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይን አስጠግቶ ከራሱ በኩል ወደታች ማነጣጠር ነው። የተጠማዘዘ ከሆነ እንደ ገመድ ይዞራል፤ ያንን ጥሎ መሄድ ነው። ጥቂት ከጎበጠ ችግር የለም። በውስጡ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፍ ሲዞር ይስተካከላል፤ በኃይል ሳይሆን ሩብ ሩብ ዙር እያሉ። ከዚያ በራሱና በአንገቱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። እኛ እንዳየነው የዚህኛው አንገት ደህና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ግን በክሩ መስመር ተበልተዋል። የፊተኛው ባለቤት ብዙ እንደተጫወተበት ያሳያል፤ ለእኛ ግን የዋጋ መቀነሻ ነው። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነውና በጽዳት ይድናል። መሰኪያው ሲነካ ድምፁ ይቋረጣል። ይህም የላላ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል በቤተ ሙከራችን መበየጃ የሚሠራ ነው።

ዋናው የሚያሳስበን ታዲያ ጊታሩ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ ነው። ጊታሩ ራሱ ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ከየትም አገር ይምጣ እዚህ ይሠራል። አምፕሊፋየሩ ግን በጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለበት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ሻጩ «መሰኪያ መቀየሪያ አለው፤ እሱን አድርጋችሁ መሰካት ነው» ብለውናል። በቅን ልቦና እንደተናገሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን ያቺ መቀየሪያ የምትለውጠው የመሰኪያውን ጥርስ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አትቀንስም። እንዳለ ቢሰካ ዕድለኛ ከሆንን ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልሆንን በመጀመሪያው ምሽት የክበቡ ገንዘብ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮ መገዛት አለበት። ለእንዲህ ያለ 15 ዋት አምፕሊፋየር 100 ዋት የሚችል ይበቃዋል። ይህ ወጪ በዋጋ ድርድሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ሌላም አለ፤ ይህ ደግሞ የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። የጊታሩ ክሮች በሽቦ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ብልሽት ቢኖር፣ ሶኬቱም ግራውንድ ባይኖረው፣ ክሩን የያዘ ሰው ማይክራፎን በከንፈሩ ሲነካ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የመድረካችን ሶኬቶች ግራውንድ ያላቸው መሆናቸውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያረጋግጥ ማንም እንዳይሰካ አጥብቀን እናሳስባለን። «እኛ ቤት ስንት ዓመት ስንሰካ ምንም አልሆነም» የሚል ወንድም አይጠፋም፤ እባካችሁ አትስሙት።

አምፕሊፋየሩን በዚህ ሁሉ ጣጣ የማንተወው ለምንድን ነው? ለክራሩም ስለሚያገለግል ነው። የጊታሩ ፒክአፕ የሚሰማው የብረት ክርን ብቻ ነው፤ የናይለንና የጅማት ክር አይሰማም። ለክራር ግን በገላው ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ማይክ ተሠርቷል፤ በእሱ በኩል ክራርም ማሲንቆም በዚያው አምፕሊፋየር ሊጎላ ይችላል። «ክራር ይገዛ» ያሉትንና «ጊታር ይገዛ» ያሉትን የሚያስታርቃቸው ነገር ካለ ይኸው ጥቁር ሣጥን ነው።

እንግዲህ ስለ ዋጋው። በእኛ ግምት ክበቡ ለጊታሩና ለአምፕሊፋየሩ ካለው ገንዘብ ከሁለት ሦስተኛው በላይ መክፈል የለበትም። በቀሪው ትራንስፎርመር፣ ሁለት መለዋወጫ የክር ስብስብ (እንደኛ ባለ ከተማ ክር እንደልብ አይገኝምና)፣ አንድ ደህና ገመድ፣ ከተረፈ ደግሞ አንድ ክራር ይገዛበት። ሻጩ በዚህ አልስማማም ካሉ በትሕትና አመስግነን እንውጣ። የተበሉትን ፍሬቶችና የቮልቱን ነገር ስናስረዳቸው ግን የሚለሳለሱ ይመስለናል፤ ደግ ሰው ናቸው።

አንድ የቀረን ነገር አለ። ጊታሩ ከመጣ በኋላ የማን ይሆናል? እስቲ ሳንተፋፈር እንነጋገር። አሁን ጊታር የሚችሉት ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ዝም ከተባለ ጊታሩ የሦስቱ ሆኖ ይቀራል፤ ያዋጡት እኅቶቻችንም በዓል ሲመጣ ከሩቅ ቆመው አጨብጫቢ ይሆናሉ። ስለዚህ ከግዢው በፊት ደንብ ይጻፍ። ቁልፉ በክበቡ ኃላፊ መምህር እጅ ይሁን፤ ሰዓት በመዝገብ ይያዝ፤ የሚችል ሰው ለማይችል ሰው ግማሽ ሰዓት ካላስተማረ የራሱን ግማሽ ሰዓት አያግኝ። ሦስቱ ወንድሞቻችን ይህን ሲያነቡ ፊታቸውን እንደሚያጨፈግጉብን እናውቃለን። ይሁን፤ ማጨፍገግ ይቻላል።

ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት የሚሄዱት ተወካዮች አንድ ረጅም ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። በራሱ በኩል ክሮቹ ወደ አንገቱ ከሚገቡበት ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት 32.4 ሴንቲሜትር ሊሆን ይገባል፤ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ታችኛው መደገፊያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወይም ጥቂት ይበልጥ። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ጫፍ ነካ አድርገው ይምቱ፤ ቀጥሎ ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ካልሆኑና መደገፊያውን በማንቀሳቀስም ካልተስተካከሉ፣ ሻጩ የሚያቀርቡትን ቡና ጠጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ።