ጥቅምት 29 በተሰሎንቄ

አገሯን ሳላውቅ ስሟን የለመድኳት የመጀመሪያዋ የባሕር ማዶ ከተማ ተሰሎንቄ ናት። ለንደንና ፓሪስን ያወቅኳቸው ትምህርት ቤት ገብቼ ካርታ ሳይ ነው። ተሰሎንቄን ግን ገና በልጅነቴ፣ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ከእናቴ ነጠላ ሥር ቆሜ ነው የሰማኋት። ዲያቆኑ ከአሥራ አራቱ የጳውሎስ መልእክታት የዕለቱን ሲያነብ ስሟ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ከቆሮንቶስ፣ ከኤፌሶን፣ ከፊልጵስዩስ ጋር።

አንድ ቀን ቅዳሴ ወጥተን ስንሄድ «የኔታ፣ ተሰሎንቄ የት ነው ያለችው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ባሕር ዳር ናት፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ የማውቀው ባሕር ዳር አንድ ብቻ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ የተነሳው አውቶቡስ በከተማችን በአማኑኤል አልፎ የሚሄድበት። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ጳውሎስ ጣና ዳር፣ በደንገሉ መካከል እየሄደ ሲያስተምር ይታየኝ ነበር። ያ ሥዕል አሁንም ከልቤ አልወጣም።

የኔታ የሐዲሳት መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከጎጃም ምድር ወጥተው የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ ተገርፈው፣ ቁስላቸው ሳይደርቅ ተሰሎንቄ እንደ ገቡ፣ ለሦስት ሰንበት በምኩራብ እንዳስተማሩ፣ ሁከት ተነስቶ ሕዝቡ የኢያሶንን ቤት እንደ ከበበ፣ ወንድሞችም በሌሊት ወደ ቤርያ እንደ ሸኟቸው፣ ትናንት ጎረቤት ቤት የሆነ ነገር አድርገው ይተርኩታል። ጳውሎስ ብዙ ሳይቆይ ከቆሮንቶስ ሆኖ ለዚያች ከተማ ሰዎች ጻፈ። ብዙ ሊቃውንት ከመልእክታቱ ሁሉ ቀድሞ የተጻፈው ይህ ነው ይላሉ፤ ጊዜውንም እ.ኤ.አ. ወደ 50 ገደማ ያደርጉታል። እኛ አገር ቀብር ላይ ሰባኪው ሐዘንተኛውን ሲያጽናና ደጋግሞ የሚያነሳው፣ ስላንቀላፉት የሚናገረው ምዕራፍ ፬ ከዚሁ መልእክት ነው። አማኑኤል ውስጥ አባቱን ቀብሮ ያንን ቃል ያልሰማ ሰው አላውቅም። አባቴ ሲቀበርም የሰበኩት የኔታ ነበሩ።

እንግዲህ የኔታን ይዤ ተሰሎንቄ ልሄድ አስቤያለሁ። ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ አውሮፕላኑ ወይም ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «መቼ?» ነው ያሉኝ። መልሱን አብረን ነው ያገኘነው።

በስንክሳራችን ጥቅምት 29 የሚታሰብ የዚያች ከተማ ሰማዕት አለ፤ ቅዱስ ድሜጥሮስ። በአራተኛው መቶ ዓመት መባቻ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ ተሰሎንቄ ላይ ተገደለ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ጠባቂ እሱ ነው። ግሪኮች በዓሉን የሚያከብሩት ኦክቶበር 26 ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ1924 የቀን አቆጣጠሯን ስታሻሽል ቀኑ በ13 ቀናት ቀደመ፤ ስለዚህ ዛሬ በእኛ ጥቅምት 16 ይውላል። በአሮጌው አቆጣጠር ግን ኦክቶበር 26 ማለት ልክ የእኛው ጥቅምት 29 ነው። አንዱን ቀን ሁለት አገር ጠብቆት ኖሮ፣ እነሱ ሲያንቀሳቅሱት እኛ ባለበት ተውነው። ከተማዋ ከኦቶማን ቱርኮች እጅ ወጥታ ለግሪክ ጦር የተሰጠችውም በድሜጥሮስ ዕለት ነው፤ በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 1905 ዓ.ም.። የኔታ ይህን ሲሰሙ ስንክሳሩን አውጥተው ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

ስለዚህ ዕቅዳችን ሁለቱንም በዓል መያዝ ነው። ጥቅምት 14 እንደርሳለን። ጥቅምት 16 ከከተማው ሕዝብ ጋር ድሜጥሮስን እናነግሣለን። ጥቅምት 28 የአማኑኤልን ዕለት ከታቦታችን ርቀን እናስባለን። በማግስቱ ጠዋት፣ በዓሉ አልፎ የድሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጭር ሲል፣ የኔታ በራሳቸው ቀን ከሰማዕቱ መካነ መቃብር ፊት ይቆማሉ።

ያ ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይቷል። የተሠራው በአምስተኛው መቶ ዓመት ነው፤ በሰባተኛው ተቃጥሎ ታደሰ። በቱርኮች ዘመን ከአራት መቶ ዓመት በላይ መስጊድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከተማዋን ያነደደው እሳት እሱንም በላው፤ ተጠግኖ የተከፈተው በ1949 ነው። ከእሳቱ የተረፉ የጥንት ሞዛይክ ሥዕሎች ዛሬም ዓምዶቹ ላይ አሉ። ከበታቹ ዋሻ የሚመስል ምድር ቤት አለ፤ ሰማዕቱ የታሰረበትና የተገደለበት የሮማውያን መታጠቢያ ቤት እዚያ ነበር ይላል ትውፊቱ። ከከተማዋ በላይ፣ ከአቀበቱ ጫፍ፣ ቭላታዶን የሚባል ገዳም አለ፤ ጳውሎስ ያስተማረው እዚህ ቦታ ነው የሚሉ አሉ። የኔታን እዚያ በእግር ላወጣቸው አስቤ ነበር። «አቀበት ለኔ ታስባለህ?» አሉኝ።

ስለ ከተማዋ አይሁድ ግን አንድ ከባድ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ከስፔን እ.ኤ.አ. በ1492 የተባረሩ አይሁድ ብዙዎቹ ተሰሎንቄ ሰፍረው ከተማዋን የራሳቸው አድርገዋት ኖሩ። በ1943 የጀርመን ናዚዎች ከአርባ ሺህ በላይ የሚሆኑትን በባቡር ጭነው ወደ አውሽዊትዝ ወሰዷቸው፤ የተመለሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የዘመናት መቃብራቸው ፈርሶ ድንጋዩ ለግንባታ ተወስዷል፤ ዛሬ በቦታው ዩኒቨርሲቲ አለ። የኔታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «መቃብሩንም?» አሉ። እዚያ ስንደርስ የመታሰቢያውን ቦታ እንድንሳለም የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

የኔታ ግሪክኛ አያውቁም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ባይተዋር የሚሆኑ አይመስለኝም። የግዕዝ ቁጥሮቻችን መልካቸውን ያገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፬ ከዴልታ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የምዕራፍ ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ሰው በየሱቁ በር የሚያዩት ጽሑፍ ዘመድ ይመስላቸዋል። ሕፃናት ከ«ሀሁ» ቀጥለው የሚዘልቁት «አቡጊዳ» ራሱ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ ከሚለው ተራ ጋር አንድ ነው። ዲያቆን፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ሲኖዶስ፣ ወንጌል የሚሉትን ቃላት ከግሪክኛ ነው ያገኘናቸው። በስቅለት ዓርብ እየሰገድን የምንለው ኪርያላይሶን ግሪክኛ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ግሪክ አገር በብዙ ባንክ ሕንፃ ላይ የተጻፈው ቃል «ትራፔዛ» ይባላል። ጠረጴዛ ማለት ነው፤ ጥንት ገንዘብ ለዋጮች በጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ቀረ። ቃሉን እኛ ለዕቃው፣ እነሱ ለባንኩ ያዝነው።

ይህ ዝምድና ከየኔታ አይጀምርም። ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ድሉን ያስቀረጸው በግዕዝና በሳባ ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ነው፤ የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ይጽፉ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ አቴንስንም አይተዋል። አብረዋቸው ከተጓዙት መኳንንት አንዱ የኛው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚያ ዘመን ከጎጃም ተነስቶ አውሮፓን ለማየት ራስ መሆን ያስፈልግ ነበር። አሁንስ?

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ይህን ዓምድ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ግሪክ የሼንገን አገር ናት። የአዋቂ ሰው ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ብራችን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ይህ ምን ያህል እንደ ከበደ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ዋስትና ያስፈልጋል። ፓስፖርቱ ከመመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። አሻራ ለመስጠት አመልካቹ ራሱ አዲስ አበባ መገኘት አለበት። ከአማኑኤል አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፤ በነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገዱ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ እያሰቡ ነው የሚነሱት።

በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ደንቡን አጠበቀ። ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዘመ፤ ተመላልሶ መግቢያ ቪዛ ቀረ። ምክንያቱ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሄዶ የቀረ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለብዙ የሠፈሬ ወጣቶች ግሪክ ማለት ከቱርክ ዳርቻ በጎማ ጀልባ የሚደረስባት ደሴት ናት፤ በዚያ ባሕር ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችም አሉ። ግን በኅብረቱና በመንግሥታችን ክርክር ውስጥ አንድ የሐዲሳት መምህር ምን አገባቸው? ደንቡ ሰውን አንድ በአንድ መዝኖ ሳይሆን አገርን በጅምላ የሚቀጣ ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ መነሳት አለበት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የባንክ ሒሳብ ማስረጃና የአሠሪ ደብዳቤ ነው። የኔታ የባንክ ሒሳብ የላቸውም። የሚኖሩት ሰበካው በሚሰጣቸው እህልና ተማሪዎቻቸው በሚያመጡላቸው ነው። የደመወዝ ደብዳቤ ቢባሉ ማን ይጻፍላቸው? የማውቃቸው አንድ ቄስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የአውሮፓ ኤምባሲ አመልክተው፣ ወደ አገርዎ ለመመለስዎ አሳማኝ ነገር አላቀረቡም የሚል ወረቀት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ወረቀቱን አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ እስካሁን አለ። ቤታቸው፣ ታቦታቸው፣ መቃብራቸው ያለበትን አገር ጥለው የሚቀሩ መስለው መታየታቸው ነው ያሳዘናቸው። ለሽርሽር የሚሄደው ባለ ሀብት በቀላሉ ያልፋል። ተሰሎንቄን ቤት ለቤት የሚያውቃት ሰው ግን ደጅ ላይ ይቀራል።

ደንቡ ራሱ ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል። ወጪውን ሌላ ሰው እንደሚሸፍን ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ለየኔታ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ የእኔን የባንክ ማስረጃ፣ የእኔን የሥራ ደብዳቤ አቀርባለሁ፤ የሰበካ ጉባኤው ደግሞ ለስንት ዓመት እንዳስተማሩና ስንት ተማሪ እየጠበቃቸው እንደሆነ ይመሰክራል። የሚጠብቅ ተማሪ ካለው መምህር የበለጠ ለመመለስ ምክንያት ያለው ሰው የለም። ይህን ጽፎ ማኅተም አድርጎ መስጠት ለአንድ ሰበካ ጉባኤ ከባድ ሥራ አይደለም።

ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በማኅበር የምንቆጥብ ሕዝብ ነን። እናቶቻችን ለዚያ ሲሉ ብዙ ነገር ከአፋቸው ቀንሰዋል። መልእክታቱ የተላኩላቸውን ከተሞች፣ ተሰሎንቄን፣ ፊልጵስዩስን፣ ቆሮንቶስን ግን በዕቅዳችን ውስጥ አስገብተናቸው አናውቅም። ሦስቱም በአንድ ቪዛ የሚደረስባቸው የአንድ አገር ቦታዎች ናቸው።

ከአማኑኤል፣ ከብቸና፣ ከሞጣ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ አውሮፓ ያላችሁ፣ ፊደል ያስቆጠሯችሁ የኔታ በሕይወት ካሉ አስቡበት። የአንድ መምህር ወጪ ለአሥር የቀድሞ ተማሪዎች ሲካፈል አይከብድም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ለጥቅምት ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ማለት ነው።