የከተማ ፕላን በዱቡሻ ይታይ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣ ሰው፣ አርባ ምንጭ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰፈሮች መሆኗን በእግሩ ይረዳል። ታችኛው የንግድ፣ ላይኛው የመሥሪያ ቤት ሰፈር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ፕላን ግን ባለሙያ ብቻ በሚያነበው የመስመርና የቀለም ቋንቋ ይቀርባል።

ከከተማይቱ በላይ፣ በጨንቻ ተራሮች ያሉት ዶርዜዎች ቤትን እንደ ሸማ ይሸምናሉ። የቀርከሃው ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተሰባስቦ ይሸከመዋል። እድሳት ሲባል ማፍረስ ብቻ ለሚታየን ለእኛ ለተማርነው ይህ ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል። (በአማርኛ «ጥበብ» የሸማው ጠርዝም የእውቀትም ስም መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።)

በመሆኑም የቀርከሃ ባለሙያዎች ከአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋር ዳገቱን፣ ምንጮቹን፣ ደኑንና ሁለቱን ሰፈሮች የሚያሳይ ሞዴል ቢሠሩ፣ ሞዴሉም በአዳራሽ ሳይሆን የጋሞ ሕዝብ በሚመክርበት በዱቡሻ ቢቀመጥ እላለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ የተቆጣውን ወጣት በዚህችው ከተማ መልሰዋል። ምልክት ከረጅም ንግግር ይልቅ የሚሰማበት ሕዝብ ነው።

ቀርከሃ የቀያሽን ልኬት አይተካም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው፣ አይተካም። ነገር ግን በሲቀላ ጉሊት የምትቸረችር እናት የወረቀቱን ካርታ ባታነብም፣ በሞዴሉ ላይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የሚወርድበትን ቦታ በጣቷ ታሳያለች።