ክበብ ብቻውን ሥዕል አይሆንም

ክበብ መነሻውና መድረሻው የማይለይ ስለ ሆነ ከጥንት ዠምሮ የዘለዓለም ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች የሰውንም የዕቃንም መልክ በማያሳይ ረቂቅ ሥዕል ላይ ክበብ ባዩ ቍጥር «ይህ ዘለዓለም ነው፥ ይህ ፀሓይ ነው» እያሉ ሥዕሉን ያመሰግናሉ። ዳሩ ግን ምሳሌው የሁሉ ገንዘብ ነው፤ የሠዓሊው ገንዘብ ሥራው ብቻ ነው። በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚሣለው አክሊለ ብርሃን በመልካሙም በመጥፎውም ሥዕል አንድ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ሥዕሎች እኩል የሚያደርግ ባለሞያ የለም።

ተርጓሚዎቹ ሩሲያዊውን ሠዓሊ ቫሲሊ ካንዲንስኪን (1866–1944) ምስክር አድርገው ይጠሩታል፤ ስለ ሥነ ጥበብ መንፈሳዊነት መጽሐፍ ጽፏልና። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓመት የሠራው «አያሌ ክበቦች» የተባለው ሥዕል ግን ይመሰክርባቸዋል። ወርዱም ቁመቱም 140 ሳንቲሜትር ያህል የሆነው ይህ ሥዕል ዛሬ በኒው ዮርክ በጉገንሃይም ሙዚየም ይገኛል። በጨለማ መደብ ላይ ትልቁ ሰማያዊ ክበብ በውስጡ ጥቍር ክበብ ይዟል፤ ታናናሾቹ በተደራረቡበት ስፍራም ቀለማቸው ይለወጣል። ሁሉም በአንድ ልክና በአንድ ቀለም ተሥለው ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ባልጠፋ፥ ሥዕሉ ግን በጠፋ ነበር።

አሜሪካዊው ኬኔት ኖላንድም (1924–2010) ከ1950ዎቹ መጨረሻ ዠምሮ ክበብን በክበብ ውስጥ ሣለ። እርሱ የፈለገው ምሳሌን ሳይሆን የቀለምን ኀይል ነበረ። ቀለሙን አቅጥኖ፥ ቅብ ባልቀደመው ሸራ ውስጥ አሰረገው። ሸራ የጠጣው ቀለም ተፍቆ አይነሣምና፥ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ልብ መቍረጥ ነበረበት። እነሆ፥ ቅርጹ አንድ ሲሆን አሠራሩ ሁለት ልዩ ልዩ ሥዕሎችን ወለደ።

«ይህንማ ሕፃንም በሰሐን ጠርዝ ያዞረዋል» የሚሉት ፌዘኞችም ከተርጓሚዎቹ አይሻሉም፤ ሁለቱም ቅርጹን እንጂ ሥራውን አያዩምና። ሕፃን ክበብ ማዞር ይችላል፤ ስፍራውን፥ ልኩንና የጎረቤቱን ቀለም መምረጥ ግን ሌላ ሞያ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ወጣት ሠዓሊ ስለ ምሳሌው ብቻ ከተመሰገነ ስለ ሥራው አይደክምም፤ መንፈሳዊ የተባለው ስምም የስንፍና ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ተመልካች ሁሉ «ምን ማለት ነው?» ከማለቱ አስቀድሞ «እንዴት ተሠራ?» ብሎ ይጠይቅ።