ተራራ ላይ የባከነ ሰዓት ጭማሪ የለም

ቅዳሜና እሁድን ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የሚያሳልፈው የኳስ ቤተሰብ አንድ ቀን ጫካ ልውጣ ቢል ደስ ይለናል። መናገሻ ሱባ ሩቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ያረጀ ጥድ አለ፣ ጉሬዛም አይጠፋም። ችግሩ አወጣጣችን ላይ ነው። ጓደኛ ተጠብቆ፣ ቁርስ ተበልቶ ጉዞው የሚጀመረው 5 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ "ጫፍ ካልደረስን ሞተን እንገኛለን!" ይባላል።

ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቀመር ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይሰጣል። 600 ሜትር ዳገት ያለበት 10 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህም እግሩ ለለመደ ሰው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሳምንቱን ወንበር ላይ ለከረመ 2 ሰዓት ይጨመርበት።

ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መንገድ መጀመር፣ የመመለሻ ሰዓቱንም ከቤት ሳይወጡ መቁረጥ ነው። 7 ሰዓት ከተባለ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረውም ይመለሷል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከቡድኑ የደከመው ነው። ውሃ፣ የዝናብ ልብስና ባትሪ አይረሱ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ መጨለም ይጀምራል፤ ጭጋግ ከወረደ ደግሞ መንገዱ ይጠፋል።

ጫፍ ሳይደርሱ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ተራራው የትም አይሄድም፤ የመልሱ ጨዋታ በሌላ እሁድ ይደረጋል።