ኮሌታ ብቻ

ለአንድ ሥልጠና መክፈቻ መድረክ ላይ ወጥቼ «ተምሳሌት ሥራ ፈጣሪ» ተብዬ እንድናገር ጠሩኝ። «አሉታዊ ነገር ሳታበዢ» የሚል ምክርም ጨመሩልኝ። አልሄድኩም፤ እዚሁ ልናገረው።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ሰፍቻለሁ። ሸሚዝ አላልኩም፣ ኮሌታ! እጅጌው የጎረቤቴ ነው፣ አዝራሩ የሌላዋ። በሰዓት ስንት ኮሌታ እንዳወጣሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣች፤ ትእዛዝ ቀዘቀዘ፣ እኛም ተበተንን። ቅጣቱ ለመንግሥት ነው ተብሎ ነበር። ያረፈው ግን የእኔ ምሳ ዕቃ ላይ ነው።

ታዲያ ኮሌታ ብቻ ይዤ ማን ይቀጥረኛል? «የሸሚዜን አንገት ብቻ ስፊልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሪያድ ሄድኩ። አዋጅ 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል ይል ነበር። ደላላው አዋጅ አያነብም፤ የእናቴ ጊደር ተሸጠች። ሳዑዲ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኛ አሠሪውን እንዲቀይር ሕጓን ስታላላ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ትታታለች። ስለዚህ ፓስፖርቴ የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ። የላክሁት ብር ለወንድሜ ትምህርትና ለቤታችን ቆርቆሮ ዋለ። አይቆጨኝም። ግን ስመለስ ኪሴ ባዶ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሥር ሰባት ወር ያለ ክፍያ ቁጭ ብዬ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው በሁለት ዓመት ያላስተማረኝን እኚህ አባት በሰባት ወር አስተማሩኝ። ለፋብሪካው ኮሌታ ብቻ የምታውቅ ሴት ትመቸዋለች፤ ሙሉ ሸሚዝ የምታውቅ ደመወዝ ትጠይቃለች፣ ካኮረፈችም ሄዳ ሱቅ ትከፍታለች።

የፔዳል ስፌት መኪና ለመግዛት ብድር ጠየቅሁ። «ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ» አሉኝ። ደመወዝ ስላጣሁ አይደል እንዴ የመጣሁት! መኪናውን የገዛሁት በዕቁብ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን ዕጣ ጓደኞቼ ስለለቀቁልኝ።

እባካችሁ፣ የሥልጠናው አዘጋጆች፣ ሥራ ፈጣሪ አትበሉኝ። ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ከእኔ በፊትም ነበረ። እናንተ የምትፈልጉት ሪፖርታችሁ ላይ ከ«ሥራ አጥ» ዓምድ ነቅላችሁ ሌላ ዓምድ ውስጥ የምትተክሉት ቁጥር ነው። ጭብጨባውን ለዕቁቡ ጓደኞቼ ስጡልኝ። ለእኔ ደግሞ የጠየቅሁትን ብድር ያለ ደመወዝተኛ ዋስ ስጡኝ፤ ኦቨርሎክ ማሽን እገዛበታለሁ።

ለነገሩ ሥልጠናው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ የአንዲት ተማሪ ዩኒፎርም ማስረከብ ነበረብኝ፤ እጅጌውንም እኔ፣ አዝራሩንም እኔ፣ ኮሌታውንም እኔው።