የአልፕስን ጠየቃችሁኝ፣ የባሌን ለምን አልጠየቃችሁኝም?



ባለፈው ሳምንት አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ በየካቲት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ፈረንሳይ እህቴ ጋ ልንሄድ ነው። ስኪ ላሳያችሁ ብላ ቫል ቶራንስ የሚባል ቦታ ሆቴል ይዛልናለች። የተራራው ከፍታ ያሳምማል ሲሉ ሰማሁ። መድኃኒት ይዘን እንሂድ ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫል ቶራንስ በአውሮፓ ከፍተኛው የስኪ መንደር ነው፤ ከፍታው 2,300 ሜትር። አሁን የቦሌ ኤርፖርትን ከፍታ ተመልከቱ፦ 2,334 ሜትር። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ። አውሮፓውያን «እጅግ ከፍ ያለ» ብለው የሚሄዱበት መንደር ከቦሌ ዝቅ ይላል። ሊፍቱ የሚያወጣው ከፍተኛ ቦታ እንኳ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሳ ሰው የሚያውቀው አየር ማለት ነው። ደግሞ በዚያው ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ያሉ ሌሎች መንደሮች አሉ፦ ሌ ሜኑዊር 1,850 ሜትር፣ ሳን ማርታን 1,450 ሜትር ላይ። ስለዚህ መልሴ አጭር ነበር፦ ስለ ከፍታው አታስቢ፣ ስለ ጉልበትሽ አስቢ። የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ ክሬም ያዢ፣ ልጆቹን ያለ ሄልሜት በረዶው ላይ አታውጪ። ለቪዛ የምትገዢው ኢንሹራንስ ስኪ ላይ የሚደርስ አደጋንና ከተራራ የማውረጃ ወጪን ይሸፍን እንደሆነ አንብቢ፤ የማይሸፍን ብዙ አለ።

መልሱን ልኬ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የገናና የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ቴሌግራሙ ሁሉ በባሌ ጉዞ ፖስተር ተሞልቷል። ሰነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሀረና ጫካ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን። ደስ ይላል፤ የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሰው የበለጠ እየሄደ ነው፣ ይሂድም። ግን ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ። ይህን ገጽ ከከፈትኩ ጀምሮ ስለ ባሌ ከፍታ የጠየቀኝ ሰው ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ? አንድም የለም። ለፈረንሣይ መድኃኒት እንፈልጋለን፣ ለባሌ ጃኬት ብቻ።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

አምና ከገና ማግስት አሥራ ስድስት ሆነን ሄድን። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ከመጣ ገና ሁለት ሌሊቱ ነው። አክስቴ ስልክ ላይ «አደራ፣ አንቺ ሐኪም ነሽ» ብላኛለች። ፕሮግራሙን ያወጣው የጉዞ አዘጋጅ ነው፦ ዓርብ ማታ ከቦሌ መነሳት፣ ሌሊቱን ሙሉ መጓዝ፣ ጎባ ቁርስ፣ ከዚያ ሰነቴ ላይ ድንኳን። ፕሮግራሙን አየሁት። ያየሁት ግን እንደ ተጓዥ ነበር፤ ዋጋው ስንት፣ ምሳው ምን፣ ፎቶግራፈር አለ ወይ። ሜዲካል ስኩል የተማርኩት ነገር ያን ቀን አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም።

ማታ እሳት ከበን ስንጫወት ልጁ ምግብ እምቢ አለ። «ራሴን አመመኝ፣ መንገዱ ነው» አለ። አንዱ ዝንጅብል አፈላለት፣ አንዱ የራስ ምታት ክኒን ሰጠው፣ ሌላው «አረቄ ቅመስ፣ ይለቅሃል» አለው። ከእኛ መካከል ሌሎች ስድስት ሰዎችም ራሳቸውን አሟቸው ስለነበር ነገሩ የተለመደ መሰለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለሽንት ወጣ፤ የድንኳኑ ገመድ ጠልፎት ወደቀ። ስሄድ አስመልሶታል። «ተይኝ ባክሽ፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ። ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ብርዱም ከዜሮ በታች ነው፣ ከስሊፒንግ ባግ መውጣት ያስጠላል።

አንድ ነገር ብቻ አደረግኩ። ተነስ አልኩትና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጫፍ ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ጠየቅኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ተንገዳገደ። ደገመ፣ አሁንም ተንገዳገደ። አረቄውን አልጠጣም፣ ሰክሮ አይደለም። ከፍታ ላይ ራስ ምታት ያለበት ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው አንጎሉ እያበጠ ነው ብላችሁ አስቡ፤ ሌላ ማረጋገጫ መጠበቅ የለም፣ ማውረድ ነው። ሹፌሩን ቀሰቀስን። «ዶክተር፣ ሲነጋ አይሻልም?» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ገና መተኛቱ ነበር። «ጋሼ፣ ሲነጋ ላይነቃ ይችላል» አልኩት። ቀስ እያለ ጎባ አወረደን። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፣ ከድንኳናችን 1,300 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጠው፤ ጠዋት ላይ ሻይ ጠጣ፣ በማግስቱ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ለአክስቴ የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው «እኛ ሐበሾች የደጋ ሰዎች ነን፣ በደማችን ነው» ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም ሲመረምር ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኘው። በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የምንጠቀስበት ነገር ነው። ባሌም ቢሆን፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው ዋሻ 3,469 ሜትር ላይ ከ30,000 ዓመት በፊት ሰዎች ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር ተቆፍሮ ታውቋል። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ ገበሬዎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። እኔና እናንተ አያት ወይም ገርጂ ተወልደን በሊፍት አምስተኛ ፎቅ የምንወጣ ሰዎች ነን። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሐበሻነቱ ባይጠፋም ሳንባው ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ቨርጂኒያ ነበር። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በቀናት ነው፣ በዘር ቆጠራ አይደለም።

ሒሳቡ ይኸው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 75 በመቶ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ሰው በመጠኑ ስለለመደ ጥቅም አለው፤ ዲያስፖራው ግን ያ ጥቅም የለውም። ታዲያ ቀን በመኪና ሰነቴ ወጥታችሁ፣ ቀበሮ አይታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ብትወርዱ ብዙ ጊዜ ከቀላል ራስ ምታትና ማዞር አያልፍም። አደጋው ማደሩ ላይ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ከደረሳችሁ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በእንቅልፍ ሰዓት ይመጣል፤ ስንተኛ ደግሞ አተነፋፈሳችን ይቀንሳል። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን የበለጠ ይቀንሱታል። አልኮል ያሞቃል የሚባለውም ተረት ነው፤ ቆዳችን ስለሚግል ይመስለናል እንጂ ሙቀቱን ወደ ውጭ እያስወጣን ነው።

ስለዚህ የጉዞ ፕሮግራም ስታዩ የምትጎበኙትን ትታችሁ መጀመሪያ የምታድሩበትን ቁጠሩ። የሐኪሞች መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር ነው የሚለው። ባሌ ላይ ይህን ማድረግ ቀላል ነው፣ እንደ ፈረንሣዩ ሸለቆ ማደሪያው ብዙ ነዋ። ሮቤ 2,500 ገደማ፣ ጎባ 2,700፣ ዲንሾ ከ3,000 ትንሽ አለፍ ይላል። እኔ ብሆን በቀን ተጉዤ ሮቤ ወይም ጎባ አድራለሁ፤ በማግስቱ ዲንሾ ተመልሼ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን እያየሁ ስዞር እውላለሁ፣ እዚያው አድራለሁ። ድንኳን የግድ ከሆነ ቀጣዩ ሌሊት ዌብ ሸለቆ፣ 3,500 አካባቢ። ከዚያ በላይ የሚወጣ ሰው አንድ ሌሊት እዚያው ይድገም። ድንኳን የማይወድ ሰው ሰነቴን በቀን አቋርጦ ወደ ሀረና ጫካ ይውረድ፤ ማታውን ጫካው ውስጥ ዝቅ ብሎ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ የጫካ ቡና ይጠጣል። የሦስት ቀን ፓኬጅ ይህን አይችልም ካሉ ሰነቴ ላይ ማደሩ ይቅር፣ መጎብኘቱ አይቀርም።

ዳያሞክስ ስለሚባለው ክኒን ትጠይቁኛላችሁ። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ይሠራል፤ የሚጀመረው ግን ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ነው፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር አይንካው። ጓደኛ ስለወሰደ አይወሰድም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት፣ ጠንካራ አስም ወይም ደም ማነስ ካለባችሁ ፖስተሩ ላይ ያለው ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። በኮቪድ ጊዜ የገዛችሁትን ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ የምትይዙም ትኖራላችሁ። ያዙት፣ ግን ሰነቴ ላይ 85 ቢያሳያችሁ አትጩሁ፣ በዚያ ከፍታ የተለመደ ነው። 90 ቢያሳይም እየተንገዳገደ ያለን ሰው «ደህና ነህ» አትበሉት። ሰውየውን እዩ። ቁጭ ብሎ እያለከለከ የሚያስል ሰውም እንደዚያው ነው፤ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ይውረድ።

አሁን የምናገረው ከከፍታው የባሰ ያስፈራኛል። ያን ሌሊት ከጎባ ስመለስ አንዱ ድንኳን ውስጥ የቡና ምድጃው ከነከሰሉ ገብቶ አገኘሁት። አራት ልጆች ዙሪያውን ተኝተዋል፣ ዚፑ ተዘግቷል። «በርዶን ነው፣ ጭስ የለውም እኮ፣ ፍም ነው» አሉኝ። ገዳዩ ፍሙ ነው! ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስልም። የሚጀምረውም በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ነው፣ ልክ እንደ ከፍታ ሕመም። ስለዚህ ተራራ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ከሰል ድንኳንም ሆነ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አይገባም። ትንሽ ከፍቼዋለሁ የሚባል ነገርም የለም። በረዳችሁ? ልብስ ደርቡ፣ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ክተቱ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተኙ።

ስለ ሌሊት ጉዞው ብዙ አልልም፤ የሻሸመኔን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሹፌር በማግስቱ ያን ጠመዝማዛ ዳገት እንዲያወጣችሁ መጠበቅ ግን ጤነኛ ነገር አይደለም።

ለአዘጋጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዙዎቻችሁ ወጣቶች ናችሁ፣ ሀገር እንድናይ አድርጋችኋል፣ አከብራችኋለሁ። ፖስተራችሁ ላይ ዋጋው አለ፣ ቁርስና ምሳው አለ፣ ዲጄ ሁሉ የሚጻፍበት አለ። የየሌሊቱን ማደሪያ ከፍታ በሜትር ጻፉልን። አንድ መስመር ነው። ሰዎች ሲመዘገቡም «ከየት ነው የመጡት፣ መቼ ገቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ መኪና ከነሹፌሩ ሌሊት ለመውረድ ዝግጁ ሆኖ ይደር። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ አትስጉ፤ እኔ ከፍታውን ለጻፈልኝ የበለጠ እከፍላለሁ።

እስከዚያው ድረስ እናንተ ጠይቁ። «የመጀመሪያው ሌሊት የት ነው፣ ስንት ሜትር?» ብላችሁ መልስ ያልሰጣችሁን አዘጋጅ እለፉት።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮም ለጥምቀት መጥቷል፣ ባሌን ሳልጨርሰው አልሄድም እያለ ነው። ጎባ ሁለት ሌሊት አስይዣለሁ፣ ሰነቴ በቀን። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ መነሻችሁ በዚህ ሳምንት የሆነ፣ ፕሮግራሙን ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ማታ ማታ አያለሁ።