ደቦ ዘር አይጠይቅም
በአርሲ ደጋ፣ ኮምባይነር በማይገባበት ማሳ፣ ደቦ የወጣ ሰው የሚመዘነው በማጭዱ ነው እንጂ በትውልዱ አይደለም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ዳኒ መኮንን በ2006 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ያቋቋመው «ደቦ ባንድ»ም የቆመው በዚሁ ደንብ ነው፦ ብሩክ ተስፋዬ በአማርኛ ያዜም፣ ጃፓናዊቷ ማሪዬ አቤ አኮርዲዮን ትጫወት፣ አሜሪካውያኑ ቫዮሊን፣ ጊታርና ሱሳፎን ይዘው ያጅቡ ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኒርቫናን ለዓለም ባስተዋወቀው የሲያትሉ ሰብ ፖፕ ሥር ነው። «ፈረንጅ የእኛን ዜማ ምን አውቆ?» የሚለው ቅሬታ እኔን አያሳምነኝም። «የእኛ» የምንለው የናስ ባንድ እኮ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች እጅ ያደገ ነው፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የአገሪቱን የዘውድ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያም «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበሙን በ2006 እ.ኤ.አ. የቀዳው ከኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር ነበር፤ ሳክስፎኑ በዚያ ኃይለኛ ጊታር መካከል ሽለላውን አልጣለም። ስለዚህ የሙዚቀኛውን ፓስፖርት ማገላበጡን ትተን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ቅኝቱን ጠንቅቆ ተምሯል? የዜማውን ደራሲ ስም ጠርቶ ድርሻውን ከፍሏል? ሁለቱን ያሟላ፣ ከኦኪናዋም ይምጣ ከአሰላ፣ መድረኩ ይገባዋል፤ የአባቶቹን ዜማ ያለ ስም የሚነግድ ግን ሐበሻ መሆኑ ነፃ አያወጣውም።